ቪዲዮ ቤት የቀረው ሻሽ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሀያት "እማማ፣ ዛሬስ ቤት ተቀምጠሽ አትውይም" ብላ እጄን ይዛ ወደ አዳራሹ ወሰደችኝ። የቆቦ ወጣቶች አዲስ ነገር አምጥተዋል። የውጭ ፊልም በትልቅ ሸራ ላይ ይለቁና ድምፁን ያጠፉታል፤ ሁለት ልጆች ማይክራፎን ይዘው ከጎን ይቆሙና ተዋናዩ አፉን በከፈተ ቁጥር እነሱ ይናገሩለታል። ሰዉ ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ እነሱን ሊሰማ ነው የሚመጣው። ከጎብዬም ከዋጃም ሚኒባስ ተኮናትረው መጥተዋል አሉ። ቀልዶቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል። ፈረንጁ ከሄሊኮፕተር ሊዘል ሲዘጋጅ አንደኛው ልጅ "ወራጅ አለ!" ይላል፣ አዳራሹ በሙሉ "ሂሳብ!" ብሎ ይቀበላል። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ስንቱን አሳልፈን የተቀመጥን ሰዎች ነን፤ ሳቅ ናፍቆናል። ሀያት ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርፃለች፣ ከጎኗ ያለችው ጓደኛዋ ለውዝ እየፈለፈለች ታቀብለኛለች፣ እኔም እንደ ወጣት ደልቶኝ ተቀምጫለሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ "የሥራችንን አባት እንጋብዛለን" አሉና አንድ ሽማግሌ ደግፈው መድረክ ላይ አወጡ። ፂሙን በሂና ያቀላ፣ ከዘራ የያዘ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው። አላወቅሁትም። ማይክራፎኑን ተቀብሎ "እንደምን ዋላችሁ" ሲል ግን አወቅሁት። ሰይድ ተርጓሚው! ድምፁ አላረጀም። "እኛም በጊዜያችን ይህንን ሠርተናል" አለ። "አንድ ቀን የህንድ ፊልም እያሳየን አንዲት የገጠር ልጅ፣ ከየት እንደመጣች አላህ ይወቃት፣ ሁለት ህንዶች ሊገዳደሉ ጩቤ ሲመዙ ብድግ ብላ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ቴሌቪዥኑ ፊት አትወረውርላችሁም!" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሀያት በሳቅ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ "እማማ፣ ሰማሽ? ቴሌቪዥን ልታስታርቅ!" ትለኛለች። እኔ ሻሼን እስከ ቅንድቤ ጎትቼ መሬት መሬት አየሁ። ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። ከየት እንደመጣሁ አላህም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ ሰይድ። ከጎብዬ ነው የመጣሁት። ደግሞም ግማሹን ነው የተናገርከው። ሌላውን ግማሽ ወዴት አደረግከው?

እንግዲያው ሙሉውን እኔ ልናገረው። ያኔ ቆቦ እንዲህ ባጃጅ አይተራመስባትም ነበር። ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ፣ ዛሬ ሞባይል ጠጋኞቹ በተደረደሩበት በኩል፣ የአፋር ግመሎች ጨው ጭነው መጥተው የሚንበረከኩበት ሜዳ ነበር። ከሜዳው ጥግ አንድ የካሴት ሱቅ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ብቻ ታስጮኻለች፣ ካሴቱ ተበልቶ ዘፋኙ መሀል ላይ ድምፁ ይንቀረፈፋል፣ እኛም ስንዘፍነው እዚያው ቦታ ላይ እንደሱ እንንቀረፈፍ ነበር። የኮንጎ ጫማ ያደረገች ሴት ደህና ለብሳለች ይባላል። ጎረምሶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ሚዶ ሰክተው፣ ሽመል በትከሻቸው አጋድመው በገበያው መሀል ሲያልፉ እኛ ዓይናችንን ሰበር እናደርጋለን፤ ሰበር እያደረግን ደግሞ ሁሉንም እናያለን። እኔ ባሌን ይመርን ካገባሁ ገና ወራት ነበር። ለሠርጌ ከገዛልኝ ልብስ ሁሉ የምወደው ሻሼን ነበር፤ ቀይ ሆኖ ቢጫ ቢጫ አበባ ያለው፣ ጫፉ ላይ ዘርዘር ያለ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሻሽ በየሱቁ ሞልቷል፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይነጣል። የኔው ግን ታጥቦ ታጥቦም ቀለሙን አልለቅ ብሎ ነበር።

የምንኖረው ከቆቦ ወጣ ብሎ ከይመር እናት ከእማ ሐዋ ጋር ነበር። እማ ሐዋ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። እፈራቸው ነበር ብል ውሸት አይደለም። ሁለት ወንድ ወልደው ትልቁን፣ ሙሐመድን፣ ቀብረዋል። ማሳ በሚያጠጡበት የጎርፍ ውሃ ተራ ተጣልቶ ሞተ ከመባል በቀር በዚያ ቤት ስለእሱ አይወራም። ከይመር ሌላ ሉባባ የምትባል ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሳቂታ፣ ቀበጥ፣ ከተማ የምትወድ። አንድ የገበያ ቀን እማ ሐዋ ራቅ ያለ ቀበሌ ለቅሶ ሄደው ሳለ ሉባባ "ዘይነባ፣ ዛሬ ቪዲዮ ቤት አስገባሻለሁ፣ ሰይድን ሳትሰሚ ቆቦን አየሁ አትበይ" አለችኝ። "ሰይድ ማነው?" ስላት እንደ እብድ አየችኝ።

ቪዲዮ ቤቱ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ውስጡ የላብ፣ የጥንቅሽና የናፍጣ ሽታ፤ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይንደቀደቃል፣ ወለሉ በጥንቅሽ ገለባ ተነጥፏል፣ ሰው በጣውላ አግዳሚ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥሟል። ሴቶች ከእኛ ጋር ሦስት ወይ አራት ብንሆን ነው፤ ከኋላ በኩል ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ሰይድ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። "ተርጓሚው" ይሉታል እንጂ ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ፊልሙን አንድ ቀን ቀድሞ ያየውና ከዚያ በኋላ ከሆዱ ያወጣዋል። ለተዋናዮቹ የከተማውን ሰው ስም ያወጣላቸዋል። ሀብታሙ ክፉ ሰውዬ የግብር ሰብሳቢውን ስም ይይዛል፤ ግብር ሰብሳቢውም እዚያው ተቀምጦ ይስቃል፣ ምን ያድርግ? ተዋናይዋ ከተራራ ተራራ እየሮጠች ስትዘፍን "ይቺን ዋጃ ሽንኩርት ግዢ ብለው ልከዋት ነው፤ እሷ ዘፍና እስክትጨርስ ሽንኩርቱ በቀለ" ይላል። ዝናብ ሲዘንብባቸው ተቃቅፈው ሲጨፍሩ "ራያ ላይ እንዲህ ቢዘንብ እኛስ መች ጠላን!" ሲል ገበሬው ሁሉ ሽመሉን መሬት ይመታል። አንድ ሰው ስድስቱን በቡጢ ሲዘርር "ይሄ በጅጉርቴ ማሽላ ነው ያደገው" ይላል፤ እኛ ቆላ የምናበቅለውን ማሽላ ማለቱ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሉባባን በክርኔ እየጎሸምኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ጎኔን ይዤ። እሑድ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ሲስቁ ያ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሳቅ ሰውን እንዴት እንደሚያፋቅር፣ የማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ እንደሚያስደግፍህ።

ወደ መጨረሻው ሁለት ወንድማማቾች ተጣሉ። እዚህ ላይ ሰይድ ቀልዱን ተወ። ምን እንደያዘው አላውቅም፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ትልቁን ሀሰን፣ ትንሹን ሁሴን አለው። "ሀሰን፣ የአባቴን መሬት በላኸው" አለ፤ ልክ የኛ አገር ሰው እንደሚለው፣ ጥርሱን ነክሶ። "ሁሴን፣ በአንድ ጡት ነው የጠባነው፣ ተው" አለ በሌላው ድምፅ። ጥንቅሽ የሚያኝክ እንኳ አልነበረም። እናትየዋ በመሀል ወድቃ ታለቅሳለች። ጩቤው ወጣ።

እኔ ሞኝ አልነበርኩም። ምስል መሆኑን ሉባባ ነግራኛለች፣ ዓይኔም ያያል። ግን የሰማሁት ህንድኛ አይደለም፤ የሰማሁት የራሴን አገር ጠብ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ደንብ አለ። ሁለት ወንዶች ጩቤ ከመዘዙ እዚያ ያለች ሴት ሻሿን ፈትታ በመሀላቸው ትጥላለች። ሻሽ ከወደቀ ያለቀ ነገር ነው፣ ተሻግሮት የሚመታ ሰው የለም። ከዚያ ከተጣሉት አንዱ ወይም ከመሀል ያለ ወንድ ሻሹን አንስቶ በሁለት እጁ ይመልስላታል፤ "ተውን፣ ላንቺ ስንል ተውን" ይላታል። እናቴ ስታደርገው አይቻለሁ። እና እግሬ ተነሳ። በሰው ጉልበት ላይ እየተረማመድኩ ፊት ደረስኩ፣ ቋጠሮውን ፈታሁ፣ ሻሼን ቴሌቪዥኑ ሥር ጣልኩት። "በአላህ ተዉ!" አልኩ።

ወላሂ እላችኋለሁ፣ ሰይድ ራሱ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ልማዱ አሸነፈውና "እህቴ፣ ሻሽሽን አንሺ! ሰዎቹ ህንድ ናቸው፣ ደንባችንን አያውቁም!" አለ።

ያ ሳቅ! ከዚያ በፊት የሳቁት ምንም አልነበረም። ከአግዳሚ የወደቀ አለ። ዞር ስል ሉባባም አፏን ይዛ ትንፈራፈራለች። ያኔ ነው ባዶ ራሴን መሆኔ የታወቀኝ። አንድ ቤት ሙሉ ወንድ ሹሩባዬን ያያል። ጎንበስ ብዬ ሻሼን ማንሳት ነበረብኝ፤ ግን የጣለችው ሴት ራሷ አታነሳውም፣ ነውር ነው። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል ያቺ ደንብ እንዴት ትዝ እንዳለችኝ እንጃ። ትቼው ወጣሁ። በሁለት እጄ ራሴን ከድኜ፣ በገበያ ቀን፣ በግመሎቹ መሀል፣ በካሴት ሱቋ በር ላይ፣ እስከ ቤቴ ሮጥኩ። ዛሬም በዚያ መንገድ ሳልፍ፣ በባጃጅም ብሆን፣ እጄ ሳላዘው ወደ ራሴ ይሄዳል።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ደረሰ ብል ማጋነን አይሆንም። ይመር ከእርሻ ሲመለስ መንገድ ላይ "ሚስትህ ህንዶቹን አስታረቀቻቸው? ካሣውን ስንት አስወሰነች?" እያሉ ተቀባበሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ቪዲዮ አስታራቂዋ" ሆነ። ይመር ክፉ ሰው አልነበረም፣ አላህ ይርሐመው፤ አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ሉባባ "በጨዋታ ነው እኮ" ስትለው "ሚስቴ በወንድ መሀል ራሷን ገልጣለች፣ የምን ጨዋታ?" አላት። በሦስተኛው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "ነገሩ እስኪበርድ አባትሽ ቤት ብትቆዪስ?" አለኝ። "እስኪበርድ" ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገሩ እስኪበርድ ተብላ ሄዳ የተመለሰች ሴት አላየሁም። ቀሚሴን ጠቅልዬ በአንድ ነጠላ ቋጥሬ በር ሥር አስቀመጥኩት። እናቴ ምን ትላለች? በጎብዬ ገበያ ላይ እንዴት ልሂድ? ባዶ ራሷን ሆና ከባሏ ቤት የተባረረች ልባል ነው። ማፈር ያመማል፤ እህል አያስቀምስም። እማ ሐዋ ከለቅሶው እስኪመለሱ ነው የቀረኝ፤ ይመር እናቱን ሳይጠይቅ አይሰደኝም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ። መንገድ ላይ ሰምተዋል። ገና ሳይቀመጡ በር ሥር ያለውን ቋጠሮ አዩ፣ እኔን አዩ።

"ንገሪኝ" አሉኝ።

"ምን ልንገርዎት እናቴ፣ አዋረድኳችሁ" አልኩና አለቀስኩ።

"ልቅሶ ስሰማ ነው የሰነበትኩት። የሆነውን ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ሀሰንን፣ ሁሴንን፣ እናትየዋን፣ ጩቤውን። እማ ሐዋ ቪዲዮ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም።

"ሻሹን ስትጥዪ ተዉ?"

"አልተዉም።"

"አልተዉም!" አሉ ዓይናቸው ፈጦ። "አስተግፊሩላህ! ሻሽ ወድቆ የማይተው ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?"

"ምስል ናቸው እናቴ፣ አይሰሙም።"

"ይሁን፣ እነሱስ አይስሙ። እዚያ የተቀመጠው ሰው ግን ምስል ነው? ማን አነሳልሽ?"

"ማንም።"

"አንድ ቤት ሙሉ ወንድ ተቀምጦ ሻሽሽን ያነሳ የለም?"

"የለም።"

ይመር "እማዬ፣ ነገሩን አታግዝፊው፣ ሰው ይስቃል" ሊል ጀመረ። እማ ሐዋ ዞረው አላዩትም። የራሳቸውን ትርፍ ሻሽ ከሳጥን አውጥተው ራሴ ላይ አሰሩልኝና "ተነሺ" አሉኝ። ቋጠሮዬን ላነሳ ስል "እሱ ይቀመጥ" አሉ።

ወደ ቪዲዮ ቤቱ ስንሄድ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። "እናቴ ይተዉኝ፣ ዳግመኛ እዚያ ቤት አልገባም" ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ብርድ ልብሱን ገልጠው ገቡ። ገንዘብ ተቀባዩ እጁን ሲዘረጋ እንደ በር ገፍተውት አለፉ። ፊልም ተከፍቷል፣ ሰይድ አንዱን ነገር እየተናገረ ቤቱ ይስቃል። እማ ሐዋ ቀጥ ብለው ሄደው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። ከኋላ "ገለል በሉልን!" የሚል ጮኸ። ከዚያ እኔን ከጀርባቸው ሲያዩ "ቪዲዮ አስታራቂዋ መጣች! እናቷን ይዛ መጣች!" ብለው አፏጩ። እኔ ሻሼን አየሁት። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ አቧራ እንዳይገባበት ቴሌቪዥኑን የሚሸፍኑበት ሆኗል፤ ያን ሰዓት ተጠቅልሎ አናቱ ላይ ተቀምጧል።

"ተርጓሚው ማነው?" አሉ እማ ሐዋ።

"እኔ ነኝ እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?" አለ ሰይድ እየሳቀ።

"የሰው አገር ቋንቋ ትተረጉማለህ አሉ። እስቲ ለእኔ አንድ ነገር ተርጉምልኝ።"

"ይንገሩኝ፣ ይሄው ሰዉም ይሰማል።" ቤቱ ሳቀ።

"ይቺ ልጄ ሻሿን እዚህ ስትጥል ምን ማለቷ ነበር?"

ሰይድ አፉን ከፈተ። ቀልድ እየፈለገ እንደሆነ ያስታውቅበታል፤ ሰዉም እየጠበቀው ነው፣ ሳቁን አዘጋጅቶ። ቀልዱ አልመጣም። እማ ሐዋ አይቸኩሉም፤ ቆመው ያዩታል። ከኋላቸው ምስሎቹ ያለ ሰው ይለፈልፋሉ፣ የሚተረጉምላቸው የለም።

"ተዉ ማለቷ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ታውቀው ነበር?"

"አውቀው ነበር፣ እናቴ።"

"ታዲያ ለምን ሌላ ተረጎምክ?"

ሰይድ ከበርጩማው ተነስቶ ሻሼን ከቴሌቪዥኑ አናት አወረደ፣ አቧራውን በእጁ አራገፈ፣ በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። "ላንቺ ስንል ተውን" አለኝ። አንገቱን እስከ ደረቱ ደፍቶ ነበር። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሽማግሌ ገበሬዎች አንድ በአንድ ተነሱ። ግብር ሰብሳቢውም ነበር፣ እሱም ተነሳ። እኔ ተቀበልኩት፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ አፈርኩ። አሁን ደግሞ ሁሉም እያፈሩ ያዩኛል፣ እሱም ይከብዳል። ወጣን።

ከተማውን ለቀን ወደ ቤታችን ስንቀርብ እማ ሐዋ አንዲት ግራር ሥር ቆሙ። የደከማቸው መስሎኝ "ይረፉ" አልኳቸው። አልተቀመጡም።

"ሙሐመድ የሞተ ቀን እኔ አጠገቡ ነበርኩ" አሉኝ።

ስሙን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ጎርፉ መጥቶ ወንዱ ሁሉ ውሃ ሊጠልፍ ወጥቷል። እኔ ምሳ ይዤ ደረስኩ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ጩቤ ተማዘዙ። እጄ ሻሼ ላይ ደረሰ፣ ቋጠሮውን ይዤዋለሁ። የሰው ዓይን በዛብኝ። በዚህ ሁሉ ወንድ መሀል ራሴን ልገልጥ? አልኩ። ቋጠሮውን እንደያዝኩ ልጄ ወደቀ።" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ሰው 'ሐዋ አልደረሰችም' ይላል። ደርሼ ነበር። አፍሬ ነው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር አንድም ቀን አላነሱትም። እኔም ለይመር አልነገርኩትም፣ ለሉባባም አልነገርኩም። ያን ዕለት ማታ ይመር ቋጠሮዬን ከበር ሥር አንስቶ ራሱ ፈታው። "ቪዲዮ አስታራቂዋ" የሚለው ስም ግን አልቀረልኝም። አንዳንዴ እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ያንገበግበኛል። ልጆች ወለድኩ፣ ልጆቼም ወለዱ፣ ስሙን የሚያውቁት አንድ በአንድ አለቁ፣ እኔም እፎይ አልኩ።

ይኸው እሑድ ዕለት ግን ሰይድ ከነሂናው መጥቶ ግማሹን ሲያወራ፣ እኔ የልጅ ልጄ ጎን ሻሼን ወደ ታች ጎትቼ ተደብቄ ተቀመጥኩ። ብድግ ብዬ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። "ጨርሰው እንጂ" ማለት ነበረብኝ። የአንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ዓይን ከበደኝ።

ትናንት ሀያት በረንዳ ላይ ለጎረቤት ልጆች የሰይድን ወሬ እያስመሰለች ታሳያቸዋለች። ሻሿን ፈትታ መሬት ጣለችና "በአላህ ተዉ!" ብላ ጮኸች፣ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ጎንበስ ስል ወገቤ አመመኝ፤ ሻሹን አንስቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት።

"ያቺ ልጅ እኔ ነኝ" አልኳት።

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። "ውይ እማማ… እሑድ ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፍሬ" አልኳት።